ጎርፉ ሳይደርስ የከብቱን እግር ማየት

በኑዌር ብሔረሰብ ዞን የዋንቱዋ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ማታርና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የአርብቶ አደሩ ኑሮ በሁለት ወቅት የተከፈለ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው የበጋ ጊዜ የሜዳው ሣር ሲደርቅና ኩሬው ሲነጥፍ፣ መንጋው ውሃና ለምለም ሣር ወዳለበት ወደ ወንዝ ዳርቻና ወደ ረግረጉ ይወርዳል። ከግንቦት ጀምሮ ዝናቡ ሲበረታና ባሮ ሲሞላ ደግሞ ያው መንጋ ከፍ ወዳለው ደረቅ መሬት ይመለሳል። በሁለቱም ጉዞ ከብቱን የሚያደርሰው እግሩ ነው።

ለዚህም ነው በዚህ አካባቢ የአንዲት ላም ማነከስ እንደ ቀላል ነገር የማይታየው። በደጋ አንድ በሬ እግሩን ቢታመም ገበሬው ጎረቤቱን በሬ አዋሰኝ ብሎ እርሻውን ሊጨርስ ይችላል፤ የታመመውም በረት ውስጥ ውሎ እየተቀለበ ያገግማል። በማታር ዙሪያ ግን ውሃው እየመጣ ባለበት ሰዓት መቆም ያልቻለ ከብት አማራጩ ጠባብ ነው። ወይ እያነከሰ መንጋውን ይከተላል፤ ወይ ወደኋላ ይቀራል። ወደኋላ የቀረ ከብት ለጎርፍ፣ ለጅብ ወይም ለሌባ የተጋለጠ ነው።

የክረምቱ ጎርፍ በየዓመቱ የሚጠበቅ ቢሆንም አንዳንድ ዓመት ከተለመደው ይበረታል። በ2014 ዓ.ም ክረምት ባሮ ከገደፉ ወጥቶ ጋምቤላ ከተማን ጨምሮ በኑዌር ዞን ያሉ ወረዳዎችን ባጥለቀለቀ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ከነከብቱ ቀዬውን ለቆ ለመውጣት ተገዶ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ለመሄድ የሚቀረው ቀን ጥቂት ነው። ያን ቀን የታመመ እግር ማከም ስለማይቻል፣ ሥራው መሠራት ያለበት ገና መሬቱ ደረቅ ሳለ ነው።

አንዲት ላም ምን ማለት ናት?

ለኑዌር ቤተሰብ ላም የልጆች ወተት ናት። ለወጣቱ የጋብቻ ጥሎሽ ናት። በቤተሰብ መካከል ለተፈጠረ ጉዳት ካሣ ሆና የምትከፈል፣ ዕርቅ የምታወርድም እሷው ናት። ለዚህም ነው እያንዳንዱ ከብት በቀለሙ፣ በነጠብጣቡና በቀንዱ አወጣጥ ስም ተሰጥቶት የሚታወቀው። ወጣቱም በሚወደው በሬ ቀለም ስም የሚጠራበት ባህል አለ።

እግሯን የታመመች ላም ገና ሳትሞት ጥቅሟ ይቀንሳል። ረጅም መንገድ ሄዳ መጋጥ ስለማትችል ትከሳለች፤ ከመንጋው ኋላ ስለምትደርስ ውሃ ላይ ትገፋለች፤ ወተቷ ይነጥፋል፤ ኮርማም በጊዜው አይደርስባትም። ኮርማው ራሱ የኋላ እግሩን ከታመመ በላሞቹ ላይ መውጣት ስለማይችል በቀጣዩ ዓመት የሚወለዱ ጥጆች ያንሳሉ። በመሆኑም የእግር ጉዳት ኪሣራ ከአንድ ከብት ሞት በፊት የሚጀምር፣ ከአንድ ከብት በላይም የሚሄድ ነው።

የሚያነክሰውን ከብት እንዴት ይለዩታል?

የመጀመሪያው ሥራ የትኛው እግር እንደታመመ በትክክል ማወቅ ነው። ከብቱን ሜዳማና ጠንካራ መሬት ላይ በዝግታ ማስኬድና ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ መመልከት ይገባል። የፊት እግሩን የታመመ እንስሳ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ደኅናውን ሲረግጥ ወደ ታች ይጥላል። የኋላ እግሩን የታመመ ደግሞ በታመመው በኩል ዳሌው ከሌላው በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ላምና በሬ ሰኮናቸውን ሲታመሙ ጀርባቸውን አጉብጠው አጭር አጭር እርምጃ ይሄዳሉ፤ ቆመው ሳለም የታመመውን እግር በጫፉ ብቻ ያስነካሉ።

ከዚያ በኋላ ከብቱን አስሮ ወይም አስተኝቶ እግሩን ከሰኮናው ጀምሮ ወደ ላይ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ከላይ ወደ ታች የሚጀምር ሰው ትከሻው ላይ ሲፈልግ ሰኮናው ውስጥ ያለውን እሾህ ሊስት ይችላል። አብዛኛው የከብት ማነከስ መነሻው ሰኮናው አካባቢ ስለሆነ ጭቃውን አጥቦ፣ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ ገልጦ፣ የሰኮናውን ሥር አይቶ መጀመር ይሻላል። የታመመውን እግር ከጤነኛው ጋር እያነጻጸሩ መዳሰስም ይጠቅማል። የሞቀ፣ ያበጠ ወይም ሲነካ ከብቱ የሚሸሸው ቦታ የሕመሙ ሥፍራ ነው።

ማነከስ ሁሉ አንድ አይደለም

የእግር ሕመም መነሻው ካልታወቀ ሕክምናው አይገኝም። በቆላማና ረግረጋማ አካባቢ በብዛት ከሚያጋጥሙት ውስጥ አራቱን ለይቶ ማወቅ ለእረኛውም ለባለሙያውም ይጠቅማል።

አንደኛው የሰኮና መበስበስ ነው። ከብት ለረጅም ጊዜ ጭቃና ውሃ ውስጥ ሲቆም በሰኮናው ስንጥቅ መካከል ያለው ቆዳ ይርሳል፤ ይልማል። ስንጥር፣ ጉቶ ወይም ድንጋይ ሲጭረው በጭቃና በፋንድያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በዚያ ይገባሉ። ከብቱ በድንገት ያነክሳል፤ ከሰኮናው በላይ ያለው ዙሪያው ያብጣል፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ሥጋ ይሰነጠቅና መጥፎ ሽታ ያወጣል። ይህ ሕመም በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በጥቂት ቀናት ውስጥ መሻል ይጀምራል። ከ3 እና ከ4 ቀን ሕክምና በኋላ ያልተሻለው ግን መመረዙ ወደ መገጣጠሚያው ሳይገባ እንዳልቀረ ስለሚያመለክት እንደገና በባለሙያ መታየት አለበት።

ሁለተኛው አባጎርባ ነው። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባሉ፣ ሥጋቸው በሞላ ጥጆችና ወይፈኖች ላይ ይከሰታል። ወይፈኑ ማታ ደኅና ገብቶ ጠዋት አንድ እግሩን እየጎተተ ይገኛል። ጭኑ ወይም ትከሻው ያብጣል፤ እብጠቱን በእጅ ሲጫኑት ከቆዳው ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ከፍተኛ ትኩሳት አለው፤ በአብዛኛው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ይህን እንደ ወለምታ ቆጥሮ ማሸት ጊዜ ማባከን ነው። በአባጎርባ ወይም በአባሰንጋ የተጠረጠረ ሬሳም አይገፈፍም፣ አይበላም፤ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። መከላከያው ከክረምት በፊት የሚሰጥ ክትባት ሲሆን፣ ክትባቱን ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ያመርተዋል።

ሦስተኛው አፍተግር ነው። ስሙ እንደሚናገረው አፍንም እግርንም ይይዛል። ከብቱ ለሃጩን ያዝረበርባል፤ ምላሱና ድዱ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይታያል፤ በሰኮናው ስንጥቅም ተመሳሳይ ቁስል ይወጣል። ከሰኮና መበስበስ የሚለየው በአጭር ጊዜ ብዙ ከብት አብሮ ማነከሱ ነው። በዚህ ጊዜ መንጋውን ለይቶ ማቆየት፣ ከሌላ መንጋ ጋር በአንድ ውሃ እንዳይጠጣ ማድረግና ለወረዳው ወዲያው ማሳወቅ ይገባል። የእንስሳት በሽታዎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994ም መታወቅ ያለባቸው በሽታዎች ሲጠረጠሩ ሪፖርት እንዲደረግ ደንግጎ ነበር።

አራተኛው ቁስልና ስብራት ነው። እሾህ፣ ጉቶ፣ የወጥመድ ሽቦ፣ የኮርማ ውጊያ፣ ማጥ ውስጥ መስመጥና ከማጥ ለማውጣት በገመድ መጎተት ሁሉም እግርን ይጎዳሉ። ከጉልበት በታች የተሰበረ ጥጃ በአግባቡ ከታሰረለት አጥንቱ በሳምንታት ውስጥ ሊገጥምለት ይችላል። ከጉልበት በላይ የተሰበረ ወይም አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ ትልቅ ከብት ግን የመዳን ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ከብቱ መጎዳቱ እንደታወቀ የመጀመሪያው እርምጃ ማቆም ነው። በተጎዳ እግር የሚኬድ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የተሳበውን ጅማት ይበጥሳል፤ የተሰነጠቀውን አጥንት ይሰብራል። ከብቱ ከመንጋው ተለይቶ፣ ጥላና ደረቅ መሬት ባለበት፣ ሣርና ውሃ ቀርቦለት መቆየት አለበት።

የሚደማ ቁስል ካለ ንጹሕ ጨርቅ ደራርቦ በእጅ ጫን አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ጨርቁ በደም ቢርስ እሱን ሳያነሱ ሌላ መደረብ ይሻላል፤ በየጊዜው እየገለጡ ማየት የረጋውን ደም ያስነሳዋል። ደሙ ሲቆም ቁስሉ ይታጠባል። የባሮም ሆነ የኩሬ ውሃ እንዳለ ለቁስል አይሆንም፤ መፍላት አለበት። ፈልቶ በበረደ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው አሟሙቶ በብዛት ማፍሰስ ጭቃውን ጠርጎ ያወጣል፤ ሥጋውንም አይጎዳም። ስንጥርና እሾህ በዓይን ከታየ ይነቀላል። በጥልቀት የገባ ምስማር ወይም ብረት ግን የት ቦታና በምን ያህል ጥልቀት እንደገባ ምልክት ተደርጎበት ባለሙያ ቢያወጣው ይመረጣል፤ ከወጣ በኋላ ቀዳዳው ስለሚዘጋ የጉዳቱን መንገድ ማግኘት ያስቸግራል።

ቆዳው ሳይቀደድ ላበጠና ለሞቀ እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚበጀው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በውሃ የተነከረ ጨርቅ እየቀያየሩ መጠቅለል እብጠቱን ይቀንሳል፤ ሕመሙንም ያስታግሳል። ከብቱን ወንዝ ውስጥ አቁሞ ማቀዝቀዝ ቀላል ቢመስልም አዞ ባለበት ወንዝ ለከብቱም ለእረኛውም አደጋ ስለሆነ ውሃውን ቀድቶ ወደ ከብቱ ማምጣት ይሻላል። ትኩስ ነገርና ማሸት በእነዚህ ቀናት እብጠቱን ያብሳሉ።

ለተሰበረ ጥጃ በአካባቢው ያለ ልምድ ያለው ወጌሻ ሊረዳ ይችላል። ሆኖም ማሰሪያው ጥቂት ደንቦች አሉት። እግሩ መጀመሪያ በጥጥ ወይም በለስላሳ ጨርቅ ይጠቀለላል። የቀርከሃ ወይም የእንጨት ስንጣቂው ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን ሁለቱንም መገጣጠሚያዎች አልፎ መያዝ አለበት፤ ስብራቱን ብቻ የሚይዝ አጭር ማሰሪያ ስብራቱን ያባብሳል። ከማሰሪያው በታች ያለው እግር በየቀኑ ይዳሰሳል። ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ ወይም ከሸተተ ማሰሪያው ደሙን አግዷልና ወዲያው መፈታት አለበት።

መነሳት ያቃተው ከብት ደግሞ ሌላ እንክብካቤ ይፈልጋል። ትልቅ ላም በአንድ ጎኗ ለረጅም ሰዓት ስትተኛ ከሥር ያለው ሥጋዋ በራሷ ክብደት ይጎዳል። ደረቅ ሣር አንጥፎ በየአራት ሰዓቱ፣ ከተቻለም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ማገላበጥ፣ በደረቷ እንድትቀመጥ መደገፍና ውሃ ከአፏ ማቅረብ ያስፈልጋል።

የማይጠቅም ልማድና ያለ ባለሙያ የሚሰጥ መድኃኒት

የሚያነክስን እንስሳ በጋለ ብረት መተኮስ በአገራችን በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው። እንስሳው ሲተኮስ አዲሱ ሕመም አሮጌውን ስለሚያስረሳው የተሻለው ይመስላል እንጂ ጅማቱም አጥንቱም በእሳት አይድንም። ይልቁንም የተቃጠለው ቆዳ ለዝንብና ለመግል በር ይከፍታል። ቁስል ላይ የባትሪ ውሃ፣ ነዳጅ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይም ፋንድያ ማድረግም ሊድን የተቃረበውን ሥጋ ይገድላል።

የመድኃኒት አጠቃቀምም ጥንቃቄ ይሻል። በገበያ ከሰው እጅ የሚገዛ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ጽሑፉ የጠፋ መድኃኒት ሕመሙን ላያድን ገንዘብ ይበላል። መጠኑ ያነሰ ወይም በአንድ ቀን የተቋረጠ ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ መድኃኒቱን የለመዱ ተሕዋስያንን ያተርፋል። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 የወጣውም የእንስሳት መድኃኒት ንግድ በፈቃድና በቁጥጥር ሥር እንዲሆን ነው። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተቷና ሥጋዋ በመድኃኒቱ ጽሑፍ ላይ የተመለከተው ቀን እስኪያልፍ ለምግብ አይውልም። ወተቱን ዋነኛ ምግባቸው ላደረጉ ሕፃናት ይህ ቀን መከበሩ ትልቅ ቁም ነገር ስለሆነ፣ መድኃኒቱን የወጋው ባለሙያ ቀኑን ቆጥሮ ለቤተሰቡ መንገር ይኖርበታል።

ከደጋው ፈረስ የሚወሰድ ትምህርት

ስለ እግር ጉዳት ብዙ የሚያውቀው ፈረሰኛ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚባለው ፈረስ እግሩ ሲጠፋ ለባለቤቱ የሚቀርለት ጥቅም ስለሌለ ነው። ለምሳሌ በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በሚያከብረው በዓል በርካታ ፈረሶች በጉግስና በሽርጥ ግልቢያ ይሳተፋሉ። ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ስለሆነ፣ ሲጋልብ የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ የፊት እግሩ ነው።

ከፈረስ ሕክምና የሚወሰደው ዋናው ትምህርት ትዕግሥት ነው። የተጎዳ ጅማት እብጠቱ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ ፈረሱም ደኅና መስሎ ይሄዳል። ጅማቱ ግን ጥንካሬውን ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል፤ ከባድ ጉዳት ከሆነ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መካከል ፈረሱን መጋለብ ወይም ጋሪ ማስጎተት ያንኑ ጅማት ደግሞ መበጠስ ነው፤ ሁለተኛው ጉዳትም ከመጀመሪያው ይከፋል። ስለዚህ ፈረሱ ከዕረፍት በኋላ በመጀመሪያ በልጓም ተይዞ በሜዳ ላይ ለ5 እና ለ10 ደቂቃ ብቻ ይሄዳል። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለታል። እግሩ እንደገና ከሞቀ ወይም ካበጠ አንድ እርምጃ ወደኋላ መመለስ ነው። ጤነኛው እግር ሙሉ ክብደት ተሸክሞ ስለሚከርም እሱም በየቀኑ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ትምህርት የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ነው። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ በዚህ በሽታ ከከብት ይልቅ በቀላሉ ይጠቃሉ። በሰኮና ሥር የገባ ትንሽ ምስማር ለሞት ሊያበቃ ስለሚችል፣ እግሩ የቆሰለ የጋማ ከብት ሁሉ ለመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ባለሙያ ዘንድ መድረስ ይኖርበታል።

በማታር አካባቢ ፈረስ ያልበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። በባሮና በአኮቦ ተፋሰስ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ በፈረስ ላይ ይበረታል። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር ጋምቤላ የወንዝ ወደብ በሆነች ጊዜ ከጎሬ ደጋ ቡና ጭነው ይወርዱ የነበሩ የጭነት እንስሳትም ከደጋ ወደ ቆላ ሲገቡ ይህንኑ አደጋ ይጋፈጡ ነበር። ዛሬም ለጋሪ ወይም ለጭነት ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ከደጋ ገዝቶ ወደ ቆላው ወረዳዎች ለማውረድ የሚያስብ ሰው ከመግዛቱ በፊት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ይገባዋል። ለከብት የሚሰጥ አንዳንድ የገንዲ መድኃኒት በፈረስና በአህያ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችልም በግምት አይወጋም።

የጋማ ከብትን ጉዳት ለመከላከል የሚጠቅሙ ነገሮች ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ሰኮናውን በየቀኑ ማጽዳት፣ በየ6 እና 8 ሳምንቱ በሚያውቅ ሰው ማስሞረድ፣ ጭነቱን በልክና በሁለቱም ጎን እኩል አድርጎ መጫን ይገኙበታል። ሁለት እግርን በቀጭን የናይሎን ገመድ አስሮ መልቀቅ ቁርጭምጭሚቱን እስከ ጅማቱ ድረስ ይቆርጣል። ማሰር ግድ ከሆነ ሰፊና ለስላሳ የቆዳ ወይም የጨርቅ ማሰሪያ መጠቀም፣ በየዕለቱም ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል።

ዕረፍትና ጉዞ ሲጋጩ

ሕክምናው ዕረፍት ይላል፤ ወቅቱ ደግሞ ተነሥ ይላል። በማታር ዙሪያ ላለ አርብቶ አደር ዋናው ችግር ይህ ነው። የሰኮና መበስበስ በሳምንት ሊድን ይችላል፤ የጅማት ጉዳትና ስብራት ግን የወራት ዕረፍት ይጠይቃሉ። ጎርፍ ለዚህ ጊዜ አይሰጥም።

መፍትሔው ምርመራውን ከጉዞው አስቀድሞ ማድረግ ነው። መንጋው ከበጋ ሰፈር ከመነሣቱ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት፣ ማለትም በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ፣ እያንዳንዱ ከብት ቆሞና ሄዶ ቢታይ የታመመው ሁሉ በሦስት ወገን ይከፈላል። በቀላል ሕክምና የሚድነው እዚያው ይታከምና ከመንጋው ጋር ይነሣል። መሄድ የሚችለው ግን ፈጥኖ መሄድ የማይችለው፣ መሬቱ ገና ሳይረጥብ ከዋናው መንጋ ቀድሞ ጥቂት ጥቂት መንገድ እየሄደና እያረፈ እንዲወጣ ይደረጋል። ወራት ዕረፍት የሚያስፈልገው ደግሞ በከፍታ ቦታ ከሚኖር ዘመድ ዘንድ ተቀምጦ ሣር እየታጨደለት ይከርማል። ከብትን በዘመድ አዝማድ ዘንድ ማስቀመጥ በአካባቢው ያለ ልማድ በመሆኑ የሚያስፈልገው ጊዜውን ማስቀደም ብቻ ነው።

የማይድን እግርም አለ። ከጉልበት በላይ የተሰበረን በሬ ወይም መገጣጠሚያው መግል የሞላውን ላም እስኪከሱ ማቆየት ለእንስሳው ሥቃይ፣ ለቤተሰቡም ኪሣራ ነው። ትኩሳት የሌለበትና መድኃኒት ያልተወጋ ከሆነ ሥጋው ሳይጠፋ፣ በባለሙያ ታይቶ መታረዱ ይመረጣል። ይህ ለባለቤቱ ከባድ ውሳኔ ነው። ውሳኔውን የሚያቀልለት ጉዳቱ ምን እንደሆነ በጊዜ ማወቁ ነው።

ጉዳት እንዳይደገም

አንድ ጊዜ የተጎዳ እግር መነሻው ካልተወገደ እንደገና ይጎዳል። በረቱ የሚሠራበት ቦታ ውሃ የማይቋጥር፣ ጉቶና እሾህ የተነቀለለት መሆን አለበት። ኑዌሮች ሉዋክ በሚሉት የከብት ቤት ውስጥና በበጋው ሰፈር ፋንድያ አጭሶ ዝንብ የመከላከል ልማድ ጠቃሚ ነው። የተቃጠለውን ፋንድያ አመድ ከብቱ በሚቆምበትና በሚተኛበት ቦታ ማንጠፍም መሬቱን ያደርቃል።

ከብቱ ወንዝ የሚሻገርበትና ውሃ የሚጠጣበት መግቢያ አንድ ብቻ ሲሆን በጥቂት ቀን ማጥ ይሆናል። መግቢያውን መቀያየር፣ በተቻለ መጠንም አሸዋማውን ቦታ መምረጥ ይገባል። በጉዞ ጊዜ መንጋውን በሩጫ አለመንዳት፣ ከብትን በእግሩ ላይ በዱላ አለመምታት፣ ማጥ ውስጥ የገባን ከብት በአንድ እግሩ አስሮ አለመጎተት እረኞች በቀላሉ ሊተገብሯቸው የሚችሉ ናቸው።

የሰኮና መበስበስ በበዛበት ቦታ ከብቱን በመድኃኒት ውሃ ውስጥ እያሳለፉ እግሩን ማስነከር ይቻላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ 5 በመቶ የመዳብ ሰልፌት ውሁድ ነው። መዳብ ዓሣን ስለሚገድል ግን የተረፈው ውሃ ወደ ባሮም ሆነ ወደ ኩሬ መደፋት የለበትም፤ ከወንዝ ርቆ መወገድ ይኖርበታል። ዓሣ የቤተሰብ ምግብ በሆነበት አካባቢ ይህን መዘንጋት አንዱን ሀብት ለማዳን ሌላውን ማጥፋት ነው።

ከወረዳ የሚጠበቀው

የከብት እግር የእረኛው ብቻ ጉዳይ አይደለም። መድኃኒትና ክትባት መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ቢመጣ ለዚያ ዓመት አይደርስም። በመሆኑም ከወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቁ ሥራዎች ሁሉም በወቅት የተገደቡ ናቸው።

ቀዳሚው የአባጎርባና የሌሎች በሽታዎች ክትባት ከዝናቡ በፊት፣ መንጋው በበጋው ሰፈር በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሳለ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። መንጋው ከተበተነ በኋላ አንዱን ለማግኘት የሚወጣው ነዳጅና ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ቀጥሎ ያለው የእንስሳት ጤና ኬላዎች ከግንቦት በፊት የቁስል ማጠቢያ፣ ፋሻ፣ ጥጥ፣ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና የሰኮና መቁረጫ እንዲኖራቸው ማረጋገጥ ነው። ሰኮና መቁረጫ ቢላና ሞረድ ዋጋቸው ከአንዲት ላም ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከሌሉ ግን የሰኮና ሕክምና የለም።

ሌላው ከመንጋው ጋር አብረው የሚንቀሳቀሱ የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞችን ማጠናከር ነው። የጤና ኬላው ባለበት ይቆማል፤ መንጋው ግን ይሄዳል። ከራሱ ከአርብቶ አደሩ ተመርጠው የሠለጠኑ፣ ቋንቋውንና ከብቱን የሚያውቁ ሠራተኞች ቁስል ማጠብን፣ ማሰሪያ ማሰርን፣ አባጎርባን ከወለምታ መለየትንና በሽታ ማሳወቅን ከቻሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አይባክኑም። ሥራቸው ግን በባለሙያ መደገፍና መድኃኒታቸው በሕጋዊ መንገድ መተካት አለበት፤ አንድ ጊዜ ሠልጥኖ የተረሳ ሠራተኛ ውሎ አድሮ ወደ ገበያው መድኃኒት ይመለሳል።

መረጃም ያስፈልጋል። በየዓመቱ ስንት ከብት በእግር ሕመም ወደኋላ እንደቀረ፣ ከየትኛው መሻገሪያ ብዙ ጉዳት እንደመጣ ቢመዘገብ፣ ወረዳው በቀጣዩ ዓመት የትኛውን መግቢያ ማስተካከል፣ የትኛውን ሰፈር አስቀድሞ ማየት እንዳለበት ያውቃል። ይህን ለመጀመር አዲስ ጥናት አያስፈልግም። እያንዳንዱን ከብት በቀለሙና በስሙ የሚያውቁት እረኞች የትኛዋ ላም፣ መቼና የት ማነከስ እንደጀመረች ሲጠየቁ ሊናገሩ ይችላሉ። የሚያስፈልገው በሚያዝያ፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ ሄዶ የሚጠይቃቸውና የሚጽፍላቸው ባለሙያ ነው።